ክቡር ቢጠፋስ እና ካሴቶቻቸው

በየቤተሰቡ አንድ አይጠፋም። "እኛ ቤት የለም" የምትሉ ካላችሁ፣ ወይ ራሳችሁ ናችሁ፣ ወይ ጓዳችሁን በቅጡ አላያችሁትም። ሰው ሁሉ የዓለምን ዘፈን ኪሱ ከትቶ፣ ስልኩን ነካ ነካ አድርጎ ያሰኘውን በሚያዳምጥበት ዘመን፣ ይህ ሰው የተጣለ ካሴት ከቆሻሻ ገንዳ አፍ ላይ ያነሳል። አቧራውን በሸሚዙ እጅጌ ይጠርግና ደረቱ ላይ አስጠግቶ "ይሄ እኮ የትም አይገኝም!" ይላል። የትም አይገኝም የሚለው ዘፈን፣ እናንተ ጠዋት ታክሲ ውስጥ ሰምታችሁት የሰለቻችሁ ነው። ይህንኑ ብትነግሩት ያዝንላችኋል። ከዚያ ያቺን ቃሉን ያመጣታል፦ "ቢጠፋስ?"

የዛሬው ሰውዬ የዚህ ወገን ሁሉ አለቃ ናቸው። ማዕረጉን የሰጠቻቸው ሚስታቸው ናት፤ "ክቡር ቢጠፋስ" ትላቸዋለች። መጀመሪያ ለስድብ ነበር። እያደር ልጃቸውም፣ ጎረቤቱም፣ የሚስታቸው ወንድምም ተቀበሉት። እሳቸውም እንደ ሹመት ቆጥረውት ዝም አሉ።

ክቡርነታቸው በሙያቸው ሊፍት ጠጋኝ ናቸው። ቀኑን ሙሉ በየሕንፃው አናት ላይ ሽቦና ማርሽ ሲፈትሹ ይውላሉ። ሥራቸው "ቢበጠስስ?" ብሎ መጠየቅ ስለሆነ፣ ደመወዝ የሚቆረጥላቸው ለመጨነቅ ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም። ራሳቸው ግን በሊፍት አይወጡም። አንዲት የቢሮ ጸሐፊ "አባባ፣ እርስዎ የሠሩትን ሊፍት ትተው በደረጃ?" ብትላቸው፣ "ልጄ፣ እኔ ስለሠራሁት አይደል ውስጡን የማውቀው?" አሏት። ጸሐፊዋም ከዚያ ወዲህ በደረጃ ነው የምትወጣው አሉ። ቦርሳቸው ውስጥ የእጅ ባትሪ አለ። እሱ ቢሰበር ሌላ አለ። ሌላው ቢሰበር ደግሞ ሻማ አለ፣ ሻማው ቢረጥብ ብለው በላስቲክ ጠቅልለውታል። "ያልጠረጠረ ተመነጠረ" የምትለው ተረት ለሌላው ሰው ተረት ናት፤ ለእሳቸው የሥራ መመሪያ ናት።

ሚስታቸው ደግሞ የአውቶቡስ መናኸሪያ ተናጋሪ ናት። እዚያች ጠባብ የመስታወት ክፍል ውስጥ ተቀምጣ መንገደኛውን ሁሉ በማይክ ወደየበሩ የምትነዳው እሷ ናት። "ክቡራን መንገደኞች፣ ቀጣዩ አውቶቡስ በአራተኛው በር ይነሳል፤ ዕቃችሁን እንዳትረሱ።" ድምጿ ሁለት ዓይነት ነው። የመናኸሪያው ድምፅ ታጥቦ የተተኮሰ ነው፤ ሰው ሁሉ የሚያደንቃት በእሱ ነው። የቤቱ ድምፅ ግን ቀሚሱን ሸብ አድርጎ የሚውል ነው። ይጮኻል፣ ይስቃል፣ ከድስት ጋር ይጣላል፣ ዘፈን ሲሰማ ግጥሙን ሳያውቅ ከፊት ከፊት እየቀደመ ያንጎራጉራል። ቃሉ የጠፋት ቦታ ላይ የራሷን ትጨምርበታለች። "ገጣሚው ረስቶት ነው እንጂ እንዲህ ነበር ሊል ያሰበው" ትላለች።

እንግዲህ አንድ ቀን፣ ሥራ ይዛ ለብቻዋ ቤት የተከራየችው ልጃቸው ለአባቷ ስጦታ አመጣች። ስልካቸው ላይ የሆነ ነገር ጫነችና፣ "አባዬ፣ በየወሩ የምከፍለው እኔ ነኝ፤ አንተ ማዳመጥ ብቻ ነው። የፈለግከው ዘፈን በሙሉ እዚህ ውስጥ አለ" አለች።

ክቡር ቢጠፋስ ስልኩን ገልብጠው ጀርባውን አዩት።

"ማታ ማታ የት ነው የሚያድረው?"

"ምኑ?"

"ዘፈኑ።"

"አባዬ ደግሞ! ደመና ላይ ነው የሚባለው።"

በመስኮት ወደ ሰማይ አንጋጠው ቆዩ። "ደመና እኮ ይበተናል፣ ልጄ።"

እናትና ልጅ በሳቅ ፈረሱ። ሳቁ ግን አልከረመም። ከጥቂት ጊዜ በኋላ እሳቸው የሚወዱት አንድ ዘፈን ስልኩ ላይ ስሙ ደብዝዞ ተገኘ። ቢነኩት አይከፈት፣ ቢጫኑት አይሰማ። "ይህ ሥራ ለጊዜው አይገኝም" ይላል ከሥሩ። ክቡር ቢጠፋስ የዚያን ቀን ሐዘንተኛም ነበሩ፣ አሸናፊም ነበሩ። ለዘመድ አዝማድ ሁሉ ደወሉ። የሚስታቸው ወንድም ስልኩን ሲያነሳ፣ በዚያ በከበደ ድምፃቸው "ሰማህ? ጠፋ" አሉት።

"ማን?" አለ ሰውየው ወንበር ፍለጋ እየዳበሰ። "ኧረ ማን ነው የጠፋው?"

"ዘፈኑ።"

ስልኩ ተዘጋባቸው። ቢሆንም ክብራቸው አልተነካም። ከዚያ ወዲህ ጓዳው የእሳቸው ሆነ። ሽንኩርቱ ወጣ፣ ካሴት ገባ። የዱቄት ጣሳው ወጣ፣ ሌላ ካሴት ገባ። አሮጌው ቴፕ መደርደሪያ ላይ ተሰየመ፤ ከጎኑ ልጃቸው የተወችው ኮምፒውተር፤ በመሃላቸው አንድ ረጅም ኬብል። ካሴት ከቴፕ ወደ ኮምፒውተር ይቀዳል፣ ከኮምፒውተር ወደ ሃርድ ዲስክ ይገለበጣል። ጥብጣቡ የተጣበቀ ካሴት ከተገኘ ሐኪሙ እሳቸው ናቸው፤ በእርሳስ ያጠነጥኑታል፣ በሚስታቸው የጥፍር መቀስ ይቆርጡታል፣ በፕላስተር ይሰፉታል። ካልዳነ ፍሪጅ ውስጥ ይተኛል። ሚስትየዋ ቲማቲም ልታወጣ እጇን ስትሰድ ካሴት ይዛ የወጣችበት ቀን ብዙ ነው። "አንድ ቀን ሰላጣ ውስጥ እከትፍልሃለሁ" ትላቸዋለች። "ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ያለው ሰው ካሴት አላየም ነበር።"

ከሁሉ የከፋው ግን የጸጥታው አዋጅ ነበር። ክቡርነታቸው ከአንድ የሥራ ባልደረባ "እርምጃ ወለሉን ያነቃንቃል፣ ወለሉ ቴፑን ያነቃንቃል፣ ዘፈኑ ይርገበገባል" የሚል ወሬ ሰምተው መጡ። ከዚያ በኋላ የቴፑ ቀይ መብራት በርቶ ሳለ ቤቱ ውስጥ መራመድ ክልክል፣ ማውራት ክልክል፣ በር መዝጋት ክልክል ሆነ። ማስነጠስ የፈለገ ትራስ ውስጥ ያነጥሳል። ያጉረመረመውን ሁሉ "ዝም አይነቅዝም" ይሉታል። አንድ እሑድ የሚስታቸው ወንድም ለጥየቃ መጣ። ሰውየው ሳል አለበት። ሶፋው ላይ ተቀምጦ ሳሉን እንደ ትልቅ ሚስጥር ሲያምቅ፣ ፊቱ መጀመሪያ ቀላ፣ ከዚያ ጠቆረ፣ በመጨረሻ ዕንባው ወረደ። ካሴቱ ሲያበቃ ተነስቶ ሳይሰናበት ወጣ። ደረጃው ላይ የሳለው ሳል እስከ ታችኛው ፎቅ ተሰማ።

ያን ቀን ሚስትየዋ ቱግ አለች። "ቤቴ ነው ወይስ ቤተ መጻሕፍት? መናኸሪያ ሙሉ ሕዝብ ስናገር የሚሰማኝ፣ ገና ቤቴ ስገባ በምልክት ላውራ?" እሳቸው ወደ ጓዳቸው ተመለሱ። አዋጁ ግን ጥቂት ሰንብቶ ተነሳ። ምክንያት አልተሰጠም። አንድ ቀን መብራቱ በርቶ ሳለ ድስት ወደቀባት። ደንግጣ ወደ ጓዳው ብታይ፣ ክቡርነታቸው ብቅ ብለው "ግድ የለም፣ ግድ የለም፣ ሥራሽን ሥሪ" አሉና ተመለሱ። ያን ድል ለመናኸሪያ ጓደኞቿ ስንት ጊዜ እንዳወራችው አይጠየቅም። "ወንድ ልጅ አንዴ ከጮኹበት ይለሰልሳል" ትላለች።

ለስልሰው ግን አልቀሩም። የቀዱትን ሁሉ ቅጂ አስቀምጠው፣ የቅጂውን ቅጂ ደግሞ በየሰዉ ቤት አሳደሩ። አንዱ ሃርድ ዲስክ ልጃቸው አልጋ ሥር ነው። አንዱ የሚስታቸው ወንድም ቁም ሣጥን ውስጥ በአንሶላ መሃል ነው። አንዱ የሊፍት ሞተር የሚሽከረከርበት ሰገነት ላይ በብረት ሣጥን ተቆልፎበታል።

"ቤቱ ቢቃጠልስ?" ይላሉ።

"ቤቱ ከተቃጠለ እኔስ?" ትላለች።

"አንቺማ ትወጫለሽ። እግር አለሽ።"

እንዲህ እየተቀላለዱ የሚዘልቁ ይመስል ነበር። ከዚያ አንገቷ አበጠ።

እንቅርት ነው አሏት። መጀመሪያ በሻርፕ ሸፈነችው፣ ከዚያ ሻርፑም አልሸፍን አለ። ሐኪሙ ዘንድ ሁለቱም ሄዱ። ወጣት ነው፣ ትሑት ነው፣ ብዕሩን እያገላበጠ ነው የሚናገረው። "ቀዶ ሕክምናው የተለመደ ነው፤ አትፍሩ" አለ። "ግን የድምፅ ነርቭ የሚያልፈው እዚያው አጠገብ ነው። አብዛኛው ሰው ለጥቂት ሳምንታት ይሻክርበትና ይመለስለታል። አልፎ አልፎ ግን እንደ ድሮው የማይሆንለትም አለ። ይህን ሳልነግራችሁ ብቀር ደግ አይደለም።"

ሚስትየዋ ወደ ባሏ ዞረች። ለጥብጣብ፣ ለሽቦ፣ ለሻማ "ቢጠፋስ?" ያለ ሰው፣ አሁን ነው ቦታው። ይጠይቅላት እንጂ! እሷ አፏ ደርቋል። ክቡር ቢጠፋስ ከወለሉ ቀና አሉና፣ "ዶክተር፣ እዚህ ግቢ መኪና ማቆሚያ አለ?" አሉ።

መኪና የላቸውም።

በአውቶቡስ ተመለሱ። ቤት ሲደርሱ እሷ ሶፋው ላይ ተቀመጠች፣ እሳቸው ጓዳ ገቡ። ወዲያው የቴፑ ቁልፍ ቀጭ ሲል ሰማች። ያን ቀጭታ ያን ቀን ጠላችው።

ከዚያ በኋላ ያሉት ሳምንታት አይነሡ። መናኸሪያ ውስጥ ማይኩን በከፈተች ቁጥር "ይህች የመጨረሻዬ ብትሆንስ?" ትላለች። አለቃዋ ጥሩ ሰው ነው፤ "ድምፅሽ ካስቸገረ ትኬት መቁረጫ እናደርግሻለን፣ ሥራ አታጪም" አላት። ሊያጽናናት ነበር፤ እሷ ግን ከመስታወቱ ጀርባ አፏን ዘግታ ትኬት ስትቀድ ራሷን አየች፣ ሌሊቱንም እሱን ስታስብ ነጋ። ቤት ስትገባ ድምጿን ትቆጥባለች። ማንጎራጎር ተወች። መጣራት ተወች። ጉሮሮዋ ውስጥ የሚያልቅ ነገር ያለ ይመስላታል፣ ለመንገደኛው ይበቃ ይሆን እያለች ትሰጋለች።

ክቡርነታቸው ደግሞ ብሶባቸዋል። ከሥራ እንደገቡ ኮታቸውን ሳያወልቁ ቴፕ ይከፍታሉ። ይባስ ብሎ ከዚህ በፊት የቀዷቸውን ካሴቶች እንደገና ይቀዳሉ፤ ያውም እሷ የምትወዳቸውን እየመረጡ። የጓዳው በር ወለል ብሎ ይከፈታል። አንድ ቀን እንዲያውም፣ "ሽንኩርቱን እዚህ ጓዳው በር ላይ ሆነሽ ብትከትፊው ምን አለበት?" አሏት።

"ለምን?"

"ብርሃን አለ።"

ጓዳው መስኮት የለውም። ጨለማውን ጓዳ አየችው፣ ቢሆንም ተቀመጠች። ዘፈኑ ያ ሁልጊዜ ግጥሙን የምታበላሸው ነበር። ሽንኩርቱን ትከትፋለች፣ ዝም ትላለች። እሳቸው በዓይናቸው ጠርዝ ከንፈሯን ያያሉ።

"ሰሞኑን አታንጎራጉሪም እኮ።"

"ለአንገቴ እቆጥባለሁ።"

"እህ።" ካሴቱን ወደ ኋላ አጠንጥነው ያንኑ ዘፈን ደገሙት።

ይኼኔ ቢላዋውን አስቀመጠችው። "አንተ ሰውዬ! ደህና ነህ? እኔ ነገ ከነገ ወዲያ አንገቴን ልከፈት ነው፣ አንተ ካሴት ትገለብጣለህ! በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ሲባል እሰማ ነበር፣ ለካ አንተ ነህ! አንድ ቀን እንኳ 'ፈርተሻል ወይ?' ብለኸኛል?"

ክቡር ቢጠፋስ ጣታቸውን ከቁልፉ ላይ ሳያነሱ፣ በቀስታ "ቢጠፋስ?" አሉ።

"ይጥፋ! ድብን ብሎ ይጥፋ!"

በጥፊ እንደተመታ ሰው ሆኑ። መብራቱን አጥፍተው ወጡና መኝታ ቤት ገብተው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። እሷም ተናግራ ቆጫት፤ ግን ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው።

ሆስፒታል በምትገባበት ዋዜማ፣ ክቡርነታቸው ከሰዓት በኋላ አዲስ ሃርድ ዲስክ በፎጣ ጠቅልለው "ይሄን ወንድምሽ ዘንድ አድርሼ መጣሁ" ብለው ወጡ። ቦርሳዋ በር ላይ ተዘጋጅቷል። ነጠላ ጫማ፣ የሌሊት ልብስ፣ ፎጣ። ቤቱ ጭር አለ። ብቻዋን ስትሆን ፍርሃቱ መጣ፤ ቀጥሎ ንዴቱ። እሱ ይሻላል ብላ ንዴቱን ይዛ ተነሳች። ይህ ከእኔ የበለጠበት ነገር ምን እንደሆነ ዛሬ አያለሁ አለች። ጓዳ ገባች፣ ኮምፒውተሩን ከፈተች፣ ያገኘችውን የመጀመሪያ ዘፈን ተጫነች።

መሰንቆ የመሰለ ነገር ከሩቅ መጣ፣ ከበሮ ተከተለ፣ ዘፋኙ ጀመረ። ከዚያ ከዘፋኙ ሥር የድስት ክዳን ሲወድቅ ተሰማ። ቀጥሎ "ጫማሽን አውልቂ! አሁን እኮ ነው የወለወልኩት!" የሚል ጩኸት።

ዘላ ዞረች። ማንም የለም። ደግሞ ሰማች። ራሷ ናት! ልጇ ልትጠይቃቸው የመጣች ጊዜ፣ በዚያ ዝናብ በበዛበት ክረምት። ቀጥላ ያቺው ሴት፣ የጮኸችው፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ከዘፋኙ ጋር ማንጎራጎር ጀመረች። ቃሉ ጠፋት፣ የራሷን ጨመረች፣ በራሷ ሳቀች። ሌላ ከፈተች። እዚያም አለች፤ ስልክ ይዛ ከወንድሟ ጋር ስለ ሳሉ መድኃኒት ትከራከራለች። ሌላ ከፈተች። ታነጥሳለች፣ ሦስት ጊዜ፣ ሁልጊዜም እንደሚሆንባት፤ ከዚያ "ይማርሽ በሉኝ እንጂ፣ ሰው የለም እዚህ ቤት?" ትላለች። ሌላው ላይ ዘፈኑን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አብራ ዘፍናዋለች። ዘፋኙ እሷን እያጀባት ነው ማለት ይቻላል።

ገባት። ኬብሉ ተሰክቷል፣ ቀይ መብራቱ ይበራል፤ ኮምፒውተሩ ግን የሚሰማው በራሱ ማይክ ኖሯል። የቤቱን ነገር በሙሉ ሲለቅም ነው የኖረው። መቼም ማይክ ምን ማለት እንደሆነ ለእሷ አይነገራትም።

"ወይኔ ባሌን!" አለች ራሷን ይዛ። "ወይኔ ልፋቱ!"

የስንት ዓመት ድካም! ያ ሁሉ እርሳስ፣ ያ ሁሉ ፕላስተር፣ በየሰዉ አልጋ ሥር ያደረው ሁሉ በእሷ ጩኸት የተበላሸ ነው። እንዴት ትነግረዋለች? ሰውየው ይሞትባታል። ባትነግረው ደግሞ አንድ ቀን ይሰማዋል፤ ያኔ እሷ ሆስፒታል ተኝታ፣ ወይም ድምፅ አጥታ፣ ማን ያረጋጋዋል? ጓዳው ውስጥ ወዲያ ወዲህ አለች። በእነዚያ ሳምንታት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ አንገቷን ረሳችው። ለልጇ ደወለች።

"ልጄ፣ ጉድ ሆነናል። የአባትሽ ካሴት ሁሉ ተበላሽቷል። እኔ ነኝ ያለሁበት! እየጮህኩ፣ እያነጠስኩ..."

"ሰማሽው እንዴ?" አለች ልጅቷ።

"ታውቂ ነበር?"

"እማዬ፣ ድሮ እኮ ነው። አንድ ቅዳሜ ልጠይቃችሁ መጥቼ ሰማሁትና በሳቅ ሞትኩ። ለአባዬ አሳየሁት። እዚህ ጋ ተጫን፣ ኬብሉን ይመርጥልሃል፣ የእማዬ ድምፅ አይገባም አልኩት። ቁጭ ብሎ ሲያዳምጥ ቆየ። ከዚያ 'አትንኪው' አለኝ። 'ለእናትሽም እንዳትነግሪ' አለ።"

"ለምን?"

"'ማይክ መኖሩን ካወቀች የመናኸሪያውን ድምጿን ታወጣለች' ብሎ ነዋ። 'እሱን ሕዝቡ ይሰማዋል፤ ይሄኛው የኛ ነው' አለ።"

ሚስትየዋ ስልኩን እንደያዘች ጓዳው በር ላይ ተገፍቶ የቀረው የዱቄት ጣሳ ላይ ቁጭ አለች። ያ አዋጅ የተነሳው እሷ ስለጮኸችበት አልነበረም። ይህን ሁሉ ጊዜ ስትኩራራ!

በሩ ሲከፈት እዚያው ነበረች። እዚህ ላይ ክቡርነታቸው ይቅር ይበሉንና፣ ማዕረጉን ለጥቂት ጊዜ ከኮታቸው ጋር መስቀያው ላይ እንስቀልላቸው። የገባው ባሏ ነው። ፀጉሩ በዝናብ ረጥቧል፣ ጫማውን በር ላይ ያወልቃል፤ ጓዳው ውስጥ የገዛ ሚስቱ ስትስቅ ይሰማል፣ ሚስቱ ግን ዝም ብላ ተቀምጣለች። አየና ገባው። በር ላይ ቆመ።

"አልተበላሸም" አለ ቶሎ ብሎ፣ እንደተከሰሰ ሰው።

"አውቃለሁ። ልጅህ ነገረችኝ።" ቀና ብላ አየችው። "ሐኪሙ ፊት መኪና ማቆሚያ የምትጠይቅ ሰው፣ ይሄን ነው እንዴ ስትሠራ የከረምከው?"

"እዚያማ ብጠይቀው..." አለና አቆመ። "ብጠይቀው ይመልስልኛላ። ፈራሁ።"

"እኔም ፈርቼ ነበር እኮ! ብቻዬን ነው የፈራሁት!"

"እሱ ጥፋቴ ነው።" ወለሉ ላይ፣ ከጣሳው ሥር ተቀመጠ። ጉልበቱ ቋ አለ። ኪሱን ዳብሶ ስልኩን አወጣና እንደማስረጃ አሳያት። "ልጃችን እውነቷን ነው። ዘፈኑ ሁሉ እዚህ አለ። የጠፋውም ተመልሷል። አንድ በአንድ ፈተሽኩት፣ ምንም የጎደለ የለም።" ስልኩን መሬት ላይ አስቀመጠው። "አንቺ ግን የለሽበትም።"

አለቀሰች። እሱም አለቀሰ። ያች ሌላዋ ሴት ከኮምፒውተሩ ውስጥ "ኧረ ሽንኩርቱ አረረ!" ብላ ስትጮኽ፣ እያለቀሱ ሳቁ።

ቀዶ ሕክምናው በደህና አለፈ። ድምፁ ግን እንደተፈራው ሆነ። ስትነቃ የወጣው ወረቀት እንደመፋቅ ያለ ነገር ነው። ሐኪሙ "ገና ነው፣ ያበጠው ይጉደል፤ እስከዚያ ብዙ አትናገሪ" አለ። ቤት ተመለሱ። ባልየው ጓዳውን ዘግቶ ቴፑን በጨርቅ ሸፈነው። በእግሩ ጣቶች ይራመዳል፣ ማንኪያውን በሳህን ላይ ሳያሰማ ያስቀምጣል። ያ የድሮው የጸጥታ አዋጅ ማንም ሳያውጀው ተመልሶ መጣ። ወንድሟ ሊጠይቃት መጥቶ ሳሉን ይዞ ተቀመጠ። ልጇ እየመጣች በሹክሹክታ ታወራታለች። ሁሉም ድምጿን ይጠብቃል፤ ማንም ግን እንዴት ነው ብሎ አይጠይቃትም።

ሳምንት አልፎ ሳምንት መጣ። አሁንም ያው ነው። ትንሽ ወፈር ብሏል መሰለኝ ትላለች፤ ቀጥሎ ደግሞ ኧረ አልወፈረም ትላለች። አንድ ከሰዓት በኋላ ወደ ጓዳው አለፍ ስትል በሩ ገርበብ ብሏል። ባሏ ጆሮው ላይ ማዳመጫ ሰክቶ፣ ጀርባውን ሰጥቷት፣ ዓይኑን ጨፍኖ ተቀምጧል። ማንን እንደሚያዳምጥ አልጠፋትም። ቀናች፤ በዕድሜዋ በራሷ ላይ ስትቀና የመጀመሪያዋ ነበር።

ገባችና ማዳመጫውን ከጆሮው ነቀለችው። ደንግጦ ተነሳ። ጨርቁን ከቴፑ ላይ ገፈፈች። መደርደሪያው ላይ ዳብሳ ያን ግጥሙን የምታበላሸውን ካሴት አገኘችና ከተተችው።

"ኧረ ተይ" አለ። "ሐኪሙ ዝም በይ ብሏል።"

"ብዙ አትናገሪ ነው ያለው" አለች በዚያ በተፋቀው ድምጿ። "ክፈተው።"

"ሲድን እንቀዳዋለን። ይመለሳል እኮ። ይሄ አሁን ያለው... ይሄ ያልፋል።"

"እኮ።" በሩን በደንብ ከፈተችው፣ ሽንኩርቱንና ቢላዋውን ይዛ መጣችና ደፉ ላይ ተቀመጠች። "ይሄኛው ቢጠፋስ?"

ክቡር ቢጠፋስ የገዛ ጥያቄያቸው ዞሮ መጣባቸው። ተቀመጡ፣ አፍንጫቸውን በመሐረብ ጠረጉ፣ ጣታቸውን ሰደው ቁልፉን ተጫኑ። ቀይ መብራቱ በራ። ዘፋኙ ገና አፉን ሳይከፍት እሷ ቀድማው ጀመረች፣ ግጥሙንም ከመጀመሪያው መስመር አበላሸችው።